15 በመቶው የማን ወለድ ነው?

ሰላም ወንድሜ። «ብሔራዊ ባንክ ወለዱ 15 በመቶ ነው ሲል እኔን ጅማ ያለው ባንክ ከዚያ በላይ ጠየቀኝ። እያጭበረበሩኝ ነው? ላይቦር የሚባለውስ ምንድነው?» ብለሃል። አላጭበረበሩህም። 15ቱ መጀመሪያውኑ ላንተ የወጣ ዋጋ አይደለም። ባንኮች እርስ በርስ ሲበዳደሩ የሚመለከቱት ምልክት ነው።

ወደ ቡና ከመግባቴ በፊት እዚሁ ጅማ ባንክ ቤት ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ኅዳር ሲገባ ያለውን ትርምስ ታውቀዋለህ። ገበሬው እሸቱን ጭኖ መጥቶ ብሩን በእጁ ካልያዘ አይለቅም፤ አቅራቢው ሁሉ በአንድ ቀን ካሽ ይላል። ከሰዓት ላይ ካዝናው ይራቆትና ሥራ አስኪያጃችን ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር ይጨቃጨቃል። ደንበኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያፈጥብናል። ላብ በላብ ነበር የምንሆነው።

የቅርንጫፍ ካዝና ባዶ ሲሆን ከሌላ ቅርንጫፍ ይመጣል። ባንኩ በጠቅላላ ሲያጥረውስ? ያን ጊዜ ትርፍ ያለው ሌላ ባንክ ያበድረዋል፣ ለአንድ ሌሊት ወይም ለ7 ቀን። ለምሳሌ 10 ሚሊዮን ብር በ16 በመቶ ለአንድ ሌሊት ቢበደር ወለዱ 4 ሺህ 384 ብር ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን ባንክ የሚበደረው በመቶ ሚሊዮኖች ነው።

እኛ አገር ይህ ገበያ በወረቀት ላይ ቆየት ያለ ቢሆንም ከስሙ አልፎ ብዙም አልሠራም ነበር። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ15 በመቶውን ወለድ ይፋ አደረገ፤ በጥቅምት 2017 ደግሞ ባንኮች በኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በኩል መበዳደር ጀመሩ። ከ15ቱ ላይና ታች 3 በመቶ አለ። ባንክ ሲቸግረው ከብሔራዊ ባንክ በ18 መበደር ይችላል፤ ሲተርፈው በ12 ማስቀመጥ ይችላል። እስቲ አስበው፤ በ18 የሚያበድረው እያለ ከጎረቤት ባንክ በ20 የሚበደር ማን ነው? በ12 ማስቀመጥ እየቻለስ በ10 ለምን ያበድራል? ስለዚህ ዋጋው በሁለቱ መሀል ይንቀሳቀሳል።

ያንተ ብድር ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ባንኩ የራሱን ወጪ፣ አንተ ባትከፍልስ የሚለውን ስጋትና ትርፉን ይጨምርበታል። በዚያ ላይ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ተገድቦ ነበር፤ በኋላ 18፣ ከዚያም 24 ሆነ። ማበደር የሚችሉት መጠን ከተሰፈረላቸው፣ ወለድ የሚቀንሱበት ምን ምክንያት አላቸው?

ላይቦርን በቡና ላስረዳህ። በድሮው ገበያ «ፈረሱላው ዛሬ ስንት ነው?» ብለህ ደላሎችን ትጠይቃለህ እንበል። ሸጦ የነገረህ የለም፤ «ብሸጥ ይህን ያህል አገኝ ነበር» ነው የሚልህ። ላይቦር እንዲህ ነበር። በለንደን ረፋድ ላይ ትልልቅ ባንኮች «አሁን ብትበደሩ በስንት ታገኛላችሁ?» ይባላሉ፤ ከፍተኛው ሩብና ዝቅተኛው ሩብ ተጥሎ የቀረው አማካዩ ይወሰዳል። በዚህች ቁጥር ነበር ብዙው የዓለም ብድር የሚሰላው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር የቻይና ብድር ሳይቀር በላይቦር ላይ 3 በመቶ ተጨምሮበት ነበር የታሰበው። ታዲያ ደላላው ራሱ ቡና ካለው ምን ይልሃል? እ.ኤ.አ. በ2012 የእንግሊዙ ባንክ ባርክሌይስ ቁጥሩን ለጥቅሙ ሲያጣምም ተይዞ 290 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። ሌሎችም ተከተሉት። የዶላሩ ላይቦር በሰኔ 2015 በእኛ አቆጣጠር ዋና ሥራው አበቃ። የተካው ሶፈር ይባላል፤ በአሜሪካ መንግሥት ሰነድ መያዣነት ለአንድ ሌሊት በእርግጥ ከተሰጡ ብድሮች የሚወጣ ነው። ወሬ ሳይሆን የተሸጠ ፈረሱላ ዋጋ በለው።

አሁን ስለ ራሴ ልንገርህ፣ ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ባንክ ቤት ሠርቼ ወጥቼ እንኳ በ14.5 የፈረምኩት ብድር ከወራት በኋላ 17 ሆኖ ጠበቀኝ። ባንኩን አልጠራውም። ተናድጄ ሄድኩ፤ የብድር ክፍሉ ልጅ ውሉን ገልጦ በእስክሪብቶው ጫፍ አንድ መስመር አሳየኝ፦ «ባንኩ እንዳስፈላጊነቱ የወለድ መጠኑን ሊለውጥ ይችላል።» በምን ተነስቶ? ከምን ጋር አነጻጽሮ? አንዲት ቃል የለም። በሶፈር የተበደረ ሰው ቁጥሩን ራሱ ያያል፤ በ2 በመቶ ጭማሪ ከተዋዋለ ከዚያ በላይ አይጠየቅም። እኔ ግን የማመሳክረው ነገር አልነበረኝም። ከፈልኩ፣ ምን ላድርግ።

ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት «ለምን ከ15 በላይ?» ብለህ አትድከም፣ መልስ አላቸው። «ወለዱ የሚለወጠው ምን ሲለወጥ ነው?» በላቸው። ብሔራዊ ባንኩ ሲቀንስ የእኔም ይቀንሳል ወይ ብለህም ጨምርበት። በቃል «አዎ» ካሉህ በውሉ ላይ እንዲጻፍ ጠይቅ። እምቢ ሊሉህ ይችላሉ፤ አብዛኛው ውል ከዋናው መሥሪያ ቤት ታትሞ የሚመጣ ነው። ቢያንስ አንቀጹን ፎቶ አንስተህ፣ ስምህንና የብሩን መጠን ሸፍነህ፣ እዚሁ ለጥፈው። ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።