አበባ የነፈገው የድሬዳዋ ዛፍ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ስለ አንድ ዛፍ ናቸው፦ ፍላምቦያንት፣ ብዙዎቻችን የድሬዳዋ ዛፍ ስለምንለው።

ጥያቄ፦ ከዘር ያበቀልነው ዛፍ 7 ዓመት ሞላው። ቁመቱ 6 ሜትር ደርሷል፣ ቅጠሉም ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ አበባ ግን አንድም ጊዜ አላየንበትም። ዙሪያው ዓመቱን ሙሉ የምናጠጣው ሣር ነው፣ ዩሪያም እንጨምርለታለን። ምን ጎደለው?

መልስ፦ ከጎደለው ይልቅ የበዛበት ይታያል። የዛፉ መነሻ የማዳጋስካር ደረቅ ደን ነው። እዚያ ለወራት ዝናብ አይጥልም፤ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ያርፋል፣ ደረቁ ወቅት ሊያበቃ ሲል ያብባል። የእርስዎ ሣር ውኃ በጠጣ ቁጥር ዛፉም አብሮ ስለሚጠጣ የሚያርፍበት ጊዜ አላገኘም። ዩሪያው ደግሞ ናይትሮጅን ነው፤ ናይትሮጅን ሲበዛ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ቅጠልና ወደ ለጋ ቅርንጫፍ ይሄዳል።

ዩሪያውን ሙሉ በሙሉ ይተዉት። ዝናቡ እንዳበቃ ውኃውንም ያቁሙ። የዛፉ ሥር ከቅርንጫፎቹ ጫፍ አልፎ ስለሚዘረጋ ግንዱ አጠገብ ብቻ ማቆም ለውጥ አያመጣም፤ ቢያንስ ጥላው በሚሸፍነው ስፋት ልክ ያለውን ሣር ያንሱት። በምትኩ ደረቅ ቅጠል ወይም የእንጨት ስብርባሪ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይጎዝጉዙበት፣ ግንዱ እንዳይበሰብስ ግን ጉዝጓዙን 15 ሴንቲ ሜትር ያርቁት። ሣሩ ቢነሣ ብዙ አይቆጭም፤ ጥላው በሰፋና ሥሩ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየሳሳ መሄዱ አይቀርም ነበር። በደረቁ ወራት ቅጠሉ ቢረግፍ አይደንግጡ። በዚህ ዕድሜ ያለ ዛፍ ይችለዋል። ከ3 ዓመት በታች የሆነን ችግኝ ግን እንዲህ ማስጠማት ሊገድለው ይችላል።

በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ማግኘቱንም ይመልከቱ፤ ሕንፃ ወይም ሌላ ትልቅ ዛፍ የሚጋርደው ከሆነ ሌላው ጥረት ሁሉ ፍሬ አይኖረውም። ከአበባው ወቅት በፊት ባሉት ወራትም የቅርንጫፎቹን ጫፍ አይቁረጡ፤ አበባው የሚወጣው ከዚያ ነው። ይህን ሁሉ አድርገውም ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ከዘር የበቀለ ዛፍ ከ5 ዓመት በፊት ብዙም አያብብም፣ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያስጠብቅም አለ።

ጥያቄ፦ ዘሩን ቀጥታ አፈር ውስጥ ቀበርኩት። ሁለት ወር ሆነው፣ አልበቀለም። ዘሩ ሞቶ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለንም። የዘሩ ቅርፊት ውኃ አያስገባም፤ እንደዚያው ከተቀበረ ወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሳይበቅል ይቆያል። አውጥተው ቅርፊቱን ይክፈቱለት።

ዘሩ ጥቂት ከሆነ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አንዱን ጠርዝ ይፈግፍጉ። ዘሩ ከቆባው ጋር ተያይዞ የነበረበትን ጫፍ አይንኩ፤ ፅንሱ ያለው በዚያ በኩል ነው። ከጥቁሩ ቅርፊት ሥር ፈካ ያለ ቀለም ሲታይ ይበቃል። ከዚያ ለ24 ሰዓት ለብ ባለ ውኃ ይዘፍዝፉት። ዘሩ ብዙ ከሆነ ውኃ አፍልተው ከእሳት ያውርዱ፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ዘሩን ጨምረው እስከ ማግሥቱ እዚያው ይተዉት። እሳት ላይ አብሮ ማፍላት ግን ፅንሱን ይቀቅለዋል። በማግሥቱ ያበጡትን ለይተው ይዝሩ፤ ያላበጡት ውኃ አላስገቡምና ሥራውን ይድገሙላቸው።

ጥልቀቱ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይሁን። አፈሩ ሞቃት ከሆነ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል። ዋናው ሥር ፈጥኖ ወደ ታች ስለሚወርድ ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የችግኝ ከረጢት ይምረጡ። በአጭር ከረጢት የቆየ ችግኝ ሥሩ ይጠቀለላል፣ ካደገም በኋላ ንፋስ በቀላሉ ይገነድሰዋል።

ጥያቄ፦ ዛፉን ከቤቱ 2 ሜትር ርቀት ላይ ነው የተከልነው። ሥሩ የግቢውን ንጣፍ አነሣው። ሥሩን ብንቆርጠውስ?

መልስ፦ ከመቁረጥዎ በፊት የግንዱን ውፍረት ይለኩ። ከግንዱ ውፍረት 5 እጥፍ በቀረበ ቦታ ላይ ወፍራም ሥር አይቆረጥም፤ ግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 1.5 ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ቀርቦ መቁረጥ ዛፉን የያዘውን መልሕቅ መቁረጥ ነውና በንፋስ ቀን ቤቱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በእናንተ ርቀት ንጣፉን አንሥቶ በጠጠር መተካት ይሻላል። ዛፉ ገና እጅዎ የሚጨብጠው ያህል ከሆነ ግን ዛሬውኑ ቢያነሡት ይመረጣል፤ ነገ ሥራው ይከብዳል፣ ወጪውም ይጨምራል።

አዲስ ለሚተክሉ፦ ይህ ዛፍ ከቁመቱ ይልቅ ወደ ጎን ነው የሚሰፋው፣ የጥላው ስፋት 12 ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ከቤት፣ ከአጥር ግንብ፣ ከውኃ ቧንቧና ከፍሳሽ ጉድጓድ ቢያንስ 6 ሜትር፣ ቦታው ከፈቀደ 8 ሜትር ይራቅ።

ጥያቄ፦ ጤነኛ የሚመስል ትልቅ ቅርንጫፍ ከመጋጠሚያው ተገንጥሎ ወደቀ። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ እንጨቱ ደካማ ነው። ሁለት እኩል የሚወፍሩ ቅርንጫፎች በጠባብ አንግል ሲወጡ ደግሞ ልጣጩ በመሃላቸው ይታፈናል፤ የተጣበቁ ይመስላሉ እንጂ እንጨት ለእንጨት አልተያያዙም። መፍትሔው በልጅነቱ ነው። አንድ ዋና ግንድ ይምረጡ፣ ከእሱ ጋር የሚፎካከሩትን ያሳጥሩ፣ የሚቀሩት ቅርንጫፎች ውፍረት ከግንዱ ግማሽ እንዳይበልጥ ይጠብቁ። ሰው በጥላው ሥር እንዲያልፍ የመጀመሪያው ቋሚ ቅርንጫፍ 2.5 ሜትር ላይ ቢጀምር ጥሩ ነው።

ከባድ ቅርንጫፍ በአንድ ቁርጥ አይወርድም። ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀው ከታች አንድ ሦስተኛውን ይቁረጡ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ ወጥተው ከላይ ይቁረጡ። ክብደቱ ከወረደ በኋላ ጉቶውን መጋጠሚያው ላይ ካለው እብጠት ውጭ ያንሱት። ቁስሉን ቀለም መቀባት ወይም በሲሚንቶ መድፈን አያስፈልግም፤ እርጥበት አምቆ ብስባሴውን ያፋጥናል። የተገነጠለበት ቦታ ውስጡ ከበሰበሰ ወይም ግንዱ ሥር እንጉዳይ ከወጣ ዛፉ መቆሙ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይየው።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ችግኝ የድሬዳዋ ዛፍ ይሁን ጃካራንዳ እንዴት ልለይ?

መልስ፦ ቅጠላቸው በእርግጥ ይመሳሰላል። የጃካራንዳ ትንንሽ ቅጠሎች ጫፋቸው ሹል ነው፣ ዋናዎቹ ቅጠሎችም ግንዱ ላይ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ። የድሬዳዋ ዛፍ ትንንሽ ቅጠሎች ጫፋቸው ክብ ነው፣ ዋናዎቹ ቅጠሎች ተራ በተራ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ይወጣሉ፤ በቅጠሉ አንገት ሥርም ላባ የመሰሉ ሁለት ትንንሽ ቅጠሎች ይኖራሉ።