ስለ ቦርጭ ፕሮግራሙ ለጠየቅከው ወንድሜ

ጥያቄህን ትናንት ማታ አየሁት። ዕድሜህ 41፣ ኑሮህ ድሬ፣ ሥራህ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ፣ ቦርጭህ ደግሞ እየገፋ ነው። «በኢንተርኔት የሚሰጥ የ3 ወር ፕሮግራም ከፍሎ መግባት ያዋጣል ወይ?» ብለሃል። እኔ ሐረር ነኝ፣ 47 ዓመቴ ነው። ሁለት ፕሮግራም ገብቻለሁ። አንዱ ብሬን በላው፣ አንዱ ጠቀመኝ።

ያዋጣል። ግን የምትከፍለው ለቪዲዮው እንዳይመስልህ። በየሳምንቱ «ምን በላህ? ስንት ተራመድክ? ወገብህ ስንት ደረሰ?» ብሎ ለሚጠይቅህ ሰው ነው የምትከፍለው። እሱ ከሌለ ብርህን ያዝ።

የኔ ነገር የተጀመረው መኪና ግርግር፣ እዚህ ሐረር ልብስ ሰፊዎች ያሉበት መንገድ ላይ ነው። ሱሪ ላስሰፋ ሄድኩ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ወገቤን ለካና 108 አለኝ። ከዚያ ሱሪውን ገልብጦ የውስጡን ስፌት አሳየኝ። «ባለፈው ዓመት ትርፉን ለቀቅኩልህ። አሁን የሚለቀቅ ጨርቅ የለም» አለ። አባቴ በስኳር በሽታ ነው ያለፈው። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ የማስበው እሱን ብቻ ነበር።

በድንጋጤ መጀመሪያ ያገኘሁት ላይ ዘልዬ ገባሁ። በ10 ቀን ሆድ እናጠፋለን የሚል ነበር። የሚጠጣ ዱቄት ላኩልኝ፣ በቀን 100 ሲት አፕ አዘዙኝ። ወገቤን አመመኝ፣ ሆዴ ግን እንዳለ ነው። ሲት አፕ የሆድ ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ የሆድ ስብ ለይቶ አያነሳም። ስብ የሚቀንሰው ከመላ ሰውነት ነው። ደግሞ ቦርጭ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከቆዳ ስር ያለው፣ በጣትህ የምትቆነጥረው ነው። ሌላው ወደ ውስጥ ጉበትና አንጀት ዙሪያ የሚከማቸው ነው። ስኳር፣ ግፊትና የልብ ሕመም የሚያመጣው በተለይ ይሄ የውስጡ ነው። ደስ የሚለው ግን ክብደት መቀነስ ስትጀምር ቶሎ ከሚሄዱት አንዱ እሱ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ከሚዛን ይልቅ ሜትር ግዛ። ከመጨረሻው የጎን አጥንትህና ከዳሌህ አጥንት መሐል፣ ትንፋሽህን አውጥተህ፣ ሆድህን ሳትስብ ለካ። ለወንድ ከ94 ሳንቲ ሜትር፣ ለሴት ከ80 ካለፈ ማሰብ ያስፈልጋል። ሌላም ቀላል መለኪያ አለ፤ ወገብህ ከቁመትህ ግማሽ እንዳይበልጥ።

ሁለተኛው ፕሮግራም 16 ሳምንት ነበር። በሳምንት አንድ ትምህርት፣ በየቀኑ የምግብ ምዝገባ፣ እሁድ እሁድ ልኬት መላክ። አሰልጣኟ እንዳስረዳችን፣ መሠረቱ አሜሪካ ውስጥ የተደረገና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ትልቅ የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት ነው። የሰዎቹ ግብ ክብደታቸውን በ7 ከመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር። በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 ከመቶ ቀነሰ። ያኔ ትምህርቱ በአካል ነበር የሚሰጠው፣ ኋላ ነው ወደ ኢንተርኔት የመጣው።

ችግሩ ነገሩ ለኛ አልተሠራም። የመጀመሪያው ስብሰባ አመለጠኝ፤ በፈረንጅ ሰዓት 2 ሰዓት ሲሉ እኔ ማታ መስሎኝ ነበር። በምግብ ዝርዝሩ ውስጥ እንጀራ የለም፣ ፈጢራ የለም፣ ሽሮም የለም። ስለዚህ ዝርዝሩን ትቼ በልጄ ደብተር መጻፍ ጀመርኩ፣ ማታ ማታ ፎቶ አንስቼ እልካለሁ።

ያ ደብተር ነው ያዳነኝ። አንድ የቅዳሜ ገጽ አሁንም አለኝ። በርጫ (ጫት የሚቃምበት ቁጭታ) ስለነበር ምሳ ጥግብ ብዬ ሩዝ በሥጋ በላሁ። ከ8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተቀመጥኩ። ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ፣ ሦስት ብርጭቆ ሻይ፣ ለያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ ከዚያ ለውዝ። እራት ከሌሊቱ 5 ሰዓት። እንቅልፍ 9 ሰዓት። አሰልጣኟ ጫት ምን እንደሆነ አታውቅም፣ አስረዳኋት። ስለ ጫቱ ምንም አላለችም። «ስኳሩን ብቻ ደምረው» አለችኝ። አንዱ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን 30 ግራም ያህል ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል በቀን ከ25 ግራም እንዳያልፍ ነው የሚመክረው። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ «ጫት ያከሳል» እል ነበር። ሲቃም ረሃብ ይጠፋል፣ ልክ ነው። ግን አብሮት የሚጠጣው፣ መቀመጡ፣ የሌሊቱ እራት፣ የእንቅልፍ ማጣቱ ሁሉ ሆድ ላይ ነው የሚያርፈው።

በሳምንት አራት ቀን የነበረውን በርጫ ወደ አንድ አወረድኩት። በዚያም ቀን ውሃና ስኳር የሌለው ቁጢ (የቡና ቅጠል ሻይ) ብቻ ነው የምጠጣው። አቦ፣ ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነው። ጓደኞቼ ተቀይመውኝ ነበር።

ሌላው ዘይት ነው። ባለቤቴ ትምህርቱን አብራኝ ትሰማ ነበርና ከጄሪካኑ ቀጥታ ማፍሰስ ትታ በማንኪያ መለካት ጀመረች። በጾም ጊዜ ሥጋ ስለቀረ ብቻ እንቀላለን ብዬ አስብ ነበር፤ ለካ የጾም ወጣችን በዘይት የተዋጠ ነው።

እንቅስቃሴው ቀላል ነበር። የጀጎል ግንብ ዙሪያው 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከሸዋ በር ተነስቼ ጠዋት አንዴ እዞራለሁ፣ በሳምንት አምስት ቀን። አንተ ድሬ ስለሆንክ ፀሐይ ሳትከር፣ 12 ሰዓት ላይ ውጣ። ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ስር ጥሩ ነው።

በ5 ወር ከ108 ወደ 99 ወረድኩ፣ ክብደቴም ከ91 ኪሎ ወደ 84። ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ መጻፉን ስተው 3 ሳንቲ ሜትር ተመለሰ። ደብተሩን እንደገና ስይዝ ቆመ። አሁን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር እሁድ እሁድ ቁጥራችንን እንላላካለን፣ በነፃ።

ከመክፈልህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቃቸው። የሚመልስልኝ ሰው አለ ወይ? እንጀራና ሽሮ መመዝገብ እችላለሁ ወይ? ትምህርቱ በጽሑፍም ይላካል ወይ? ቪዲዮ ብቻ ከሆነ ፓኬጅህን ይጨርሰዋል፣ መብራት በሄደ ቀንም ይቀርብሃል። ዱቄት ወይም ኪኒን ልሽጥልህ ያለህን ተወው። ደግሞ ሳትጀምር ስኳርህንና ግፊትህን ተለካ። መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ሐኪምህን ሳታማክር ምግብ አትቀንስ፣ ስኳርህ በድንገት ሊወርድ ይችላል።

ዛሬውኑ ደብተር ግዛና የሰባት ቀን ምግብህን ጻፍ፣ ምንም ሳትቀይር። ከዚያ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።