ረግረጉን ከሳተላይት፣ ካርቦኑን ከጭቃው

ስለ ረግረጋማ መሬት ካርቦንና ስለ ሪሞት ሴንሲንግ (መሬትን ከሳተላይት ስለማጥናት) ከደረሱን ጥያቄዎች ለአራቱ መልስ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ በጣና ዙሪያ ባሉ ረግረጎች የካርቦን ክምችት ላይ የድኅረ ዶክትሬት ጥናት ልጀምር ነው። ክረምቱን ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን በሴንቲኔል 1 ሳተላይት ራዳር ብቻ ብሠራ ይበቃኛል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይበቃዎትም። ራዳር ደመናን ያልፋል፤ ጥቅጥቅ ያለ ደንገልን ግን በቀላሉ አያልፍም። የሴንቲኔል 1 የሞገድ ርዝመት 5.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ አብዛኛው ሞገድ ከደንገሉ አናት ተበትኖ ይመለሳል፤ ከሥር ውሃ መኖር አለመኖሩን አይነግርዎትም። ሳሳ ብሎ በቆመ ሣር ላይ ግን ጥሩ ይሠራል፦ ሞገዱ ከውሃው ወደ አገዳው፣ ከአገዳው ወደ ሳተላይቱ ስለሚነጥር ውሃ የተኛበት ቦታ ደምቆ ይታያል። ለደንገሉ 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሞገድ ያለውን የጃፓኑን አሎስ 2 የራዳር ሳተላይት ያክሉ፤ በ25 ሜትር ፒክስል የተዘጋጀው ዓመታዊ ምስሉ በነፃ ይገኛል።

ከሁሉ በላይ የሚረዳዎት የበጋው ምስል ነው። ከጣና በስተምሥራቅ ባለው ፎገራ ላይ በነሐሴ የሩዝ ማሳውም ረግረጉም ውሃ ውስጥ የቆመ አረንጓዴ ነው፤ የሚለዩት ሩዙ ከታጨደ በኋላ ነው። ይሁንና በየካቲትና በመጋቢት ለምልሞ የታየውን ሁሉ ረግረግ ብለው እንዳይመድቡ፤ በመስኖ የለማ ሽንኩርትም አለ። ማሳ በዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ታርሶ ባዶ አፈር ይሆናል፣ ደንገል አይሆንም። ስለዚህ የአንድ ቀን ምስል ሳይሆን የዓመቱን ሙሉ ሂደት ይመልከቱ። እምቦጭን ለብቻው ይመድቡት፤ ነፋስ ስለሚነዳው በዚህ ወር የሸፈነው ቦታ በሚቀጥለው ወር ባዶ ውሃ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገርም አለ። ጉግል ኧርዝ ኤንጂን በተባለው የሳተላይት ምስል ማቀነባበሪያ ድረ ገጽ ላይ በብዛት የምንጠቀምበት የሴንቲኔል 1 ምስሎች ስብስብ የተመለሰውን ሞገድ ጥንካሬ የሚሰጠው በዴሲቤል ነው። ዴሲቤል ሎጋሪዝም ስለሆነ በቀጥታ አማካይ አይወሰድበትም፤ መጀመሪያ ወደ ተራ ቁጥር ይመልሱት፣ አማካዩን ይውሰዱ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ዴሲቤል ይቀይሩት። ሳተላይቱ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ሲያልፍ ያነሳቸውንም አይቀላቅሉ፤ መሬቱን የሚያይበት አቅጣጫ ይለያያል።

ጥያቄ፦ የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ኤንዲቪአይ (የቅጠል ልምላሜ መለኪያ ቁጥር) በ2014 ዓ.ም. ጥር አጋማሽ ላይ በድንገት ወረደብኝ። ረግረጉ ደርቆ ይሆን?

መልስ፦ የመረጃው አዘገጃጀት ስለተለወጠ ነው። ከጥር 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በምስሎቹ ቁጥር ላይ 1000 ይደመራል። ኤንዲቪአይ የኢንፍራሬዱና የቀዩ ብርሃን ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል ነው፤ ለምሳሌ ቀዩ 400፣ ኢንፍራሬዱ 2800 ቢሆን 0.75 ይሆናል። ሁለቱም ላይ 1000 ሲጨመር ግን 0.46 ይሆናል፤ መሬቱ ላይ ግን ምንም አልተነካም። 1000ውን መቀነስ ወይም አስቀድሞ የተስተካከለውን ስብስብ መጠቀም ነው። የቆዩ ምስሎችም እንደገና ተዘጋጅተው ስለወጡ በቀኑ አይፍረዱ፤ በፋይሉ ስም ውስጥ «ኤን» ከሚለው ፊደል ቀጥሎ ያለው ቁጥር 0400ና ከዚያ በላይ ከሆነ ጭማሪው አለበት።

ጥያቄ፦ ኤንዲቪአይን ከጥቂት የአፈር ናሙናዎች ጋር አዛምጄ የካርቦን ካርታ ልሥራ?

መልስ፦ ኤንዲቪአይ ቅጠል ነው የሚያየው፤ ደንገሉ ጥቅጥቅ ሲል ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይቆምና ልዩነት ማሳየት ያቆማል። የረግረግ ካርቦን በአብዛኛው ያለው ከሥር ነው። ሳተላይቱ የረግረጉን ዓይነትና ስፋት ይስጥዎት፤ ክምችቱን ጭቃው ይናገር።

በየዓይነቱ የናሙና ነጥቦችን በዕጣ ያውጡ። ለመንገድ የቀረበውን ብቻ ከወሰዱ የሚያገኙት የተጠነፈፈና በከብት የተረገጠ ዳር ይሆናል። እስከ 1 ሜትር ወርደው በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ይቁረጡ። ጉድጓዱ 100 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ቱቦው ውስጥ ያለው ናሙና 80 ብቻ ከሆነ ጭቃው ታምቋል፤ ካላስተካከሉት የአፈሩ እፍጋት በ25 በመቶ ተጋንኖ ይመዘገባል። የሩሲያ መሰርሰሪያ የሚባለው ባለ ግማሽ ቱቦ መሣሪያ ከጎን ስለሚቆርጥ ይህን ችግር ይቀንሳል። ደንገል ተንሳፍፎ በሚያድግበት ቦታ ደግሞ ከሥሩ ምንጣፍ በታች ውሃ አለ፤ የምንጣፉን ውፍረትና የውሃውን ክፍተት ለየብቻ ካልመዘገቡ ውሃውን እንደ አፈር ይቆጥሩታል።

ናሙናውን በ105 ዲግሪ ክብደቱ መለወጥ እስኪያቆም ያድርቁ። ደረቁ ክብደት ለናሙናው ይዘት ሲካፈል እፍጋቱን ይሰጣል። እፍጋቱ 0.4 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር፣ ካርቦኑ 12 በመቶ፣ ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፦ 0.4 × 0.12 × 10 × 100 = 48 ቶን ካርቦን በሄክታር። በ550 ዲግሪ ለ4 ሰዓት አቃጥሎ የጎደለውን መመዘን ርካሽ ዘዴ ነው፤ ሸክላ የበዛበት አፈር ግን በማዕድኑ ውስጥ የያዘውን ውሃም ስለሚለቅ ካርቦኑን ያበዛዋል። ከናሙናዎቹ ከፊሉን በካርቦን አናላይዘር አስለክተው የራስዎን ማስተካከያ ቀመር ያውጡ።

ከናሙናዎቹ ተነስቶ የካርቦን ካርታውን የሚገምተውን ሞዴል ሲፈትሹ ናሙናዎችን እንዲሁ በዕጣ ለሁለት አይክፈሉ። 20 ሜትር የሚራራቁ ጉድጓዶች ተመሳሳይ ስለሆኑ ሞዴሉ ያየውን ደግሞ ይነግርዎታል፤ ውጤቱም ያለ አግባብ ያማረ ይሆናል። አንዱን ረግረግ ሙሉ በሙሉ አውጥተው በሌሎቹ ያሠልጥኑ፣ ባወጡት ይፈትኑ፣ ይህንን በየተራ ይድገሙ። ውጤቱ መውረዱ አይቀርም፤ ለዘገባው የሚሆነው ግን እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ክምችቱ ብዙ ከሆነ «ረግረጉ የአየር ንብረትን ያቀዘቅዛል» ብዬ መጻፍ እችላለሁ?

መልስ፦ በዚህ መረጃ ብቻ አይችሉም። ክምችት የድሮ ገቢ ነው፤ ዛሬ የሚገባውንና የሚወጣውን አይናገርም። ውሃ የተኛበት ጭቃ ሚቴን ይለቃል፤ አንድ ቶን ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከ27 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይስተካከላል። የአየር ጋዞችን የሚለካው የሴንቲኔል 5ፒ ሳተላይት የሚቴን ፒክስል 5.5 በ7 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ለትንሽ ረግረግ አይረዳም፤ ጋዙን መሬት ላይ በተደፋ ክዳን ሰብስቦ በክረምትም በበጋም መለካት ያስፈልጋል። በእጅዎ ያለው መረጃ የሚደግፈው ይህን ነው፦ ረግረጉ ቢጠነፈፍ ለአየር የሚጋለጠው ካርቦን ምን ያህል እንደሆነ።