ቼክ አውት ተደርጎ የቀረ ፋይል እና ሌሎች የቮልት ጥያቄዎች

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች በሙሉ ሶሊድወርክስ ፒዲኤምን፣ ማለትም የዲዛይን ፋይሎችን ቮልት በሚባል የጋራ ማከማቻ የሚይዘውንና ቨርዥናቸውን የሚቆጣጠረውን ሶፍትዌር፣ ከሚያስተዳድሩ አንባቢዎች የመጡ ናቸው። አንድ ሰው ፋይል ሊያስተካክል በስሙ ሲይዝ ቼክ አውት፣ ለውጡን ወደ ሰርቨሩ ሲመልስ ቼክ ኢን ይባላል።

ጥያቄ፦ አንድ ዲዛይነር ሥራ ለቋል፤ ብዙ ፋይሎች በስሙ ቼክ አውት እንደሆኑ ቀርተዋል። ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርገን ለሌላ ሰው ልንሰጥ ነው። ቼክ አውቱን ከሰርቨር ብንሰርዘው ይበቃል?

መልስ፦ መጀመሪያ ፎርማቱን አስቁሙ። ቼክ አውት በተደረገ ፋይል ላይ የተሠራው ለውጥ ሰርቨሩ ጋ አልደረሰም፤ ያለው በዚያ ኮምፒውተር ሎካል ካሽ (ማሽኑ ላይ በተቀመጠው የፋይሎቹ ቅጂ) ውስጥ ብቻ ነው። ቼክ አውቱን ስትሰርዙ ፋይሉ ወደ መጨረሻው ቼክ ኢን ይመለሳል፣ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሁሉ ቀልጦ ይቀራል።

በሰውየው ስም ቼክ አውት የሆኑትን በሰርች አውጡ። ውጤቱ ላይ ፋይሉ በየትኛው ኮምፒውተር፣ በየትኛው ፎልደር እንደተያዘ ይታያል፤ ሁለት ማሽን ይጠቀም ከነበረ እዚህ ላይ ይጋለጣል። የቮልት መግቢያው የፒዲኤም የራሱ ከሆነ ፓስወርዱን ቀይሩና በዚያው ማሽን ላይ በእሱ ስም ገብታችሁ ቼክ ኢን አድርጉ። በዊንዶውስ አካውንት የሚገባ ከሆነ ግን አይቲ ክፍሉ አካውንቱን ሥራው እስኪያልቅ እንዳያጠፋው ንገሩ። ይህ ካልሆነላችሁ ፋይሎቹን ከቮልቱ ውጭ ወዳለ ፎልደር ገልብጡ፣ ቼክ አውቱን ሰርዙ፣ በራሳችሁ ስም ቼክ አውት አድርጉ፣ የገለበጣችሁትን በዚያው ስም ደርቡበትና ቼክ ኢን አድርጉ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። አንዴም ቼክ ኢን ያልተደረጉ አዳዲስ ፋይሎች ለሌሎች ዲዛይነሮች አይታዩም። ስለዚህ በሰርች ውጤት ብቻ ሳትተማመኑ የማሽኑን የቮልት ፎልደር በዓይናችሁ እዩት።

ጥያቄ፦ የአርካይቭ ፎልደሩን (ሰርቨሩ ላይ የቮልቱ ፋይሎች የሚቀመጡበትን) በየሌሊቱ ወደ ውጫዊ ዲስክ እንገለብጣለን። ይህ ባክአፕ ይባላል?

መልስ፦ ግማሽ ባክአፕ ነው። ፎልደሩን ክፈቱት፤ ከ0 እስከ ኤፍ የተሰየሙ 16 ፎልደሮች፣ በውስጣቸው በቁጥርና በፊደል የተሰየሙ ሌሎች ፎልደሮች፣ በእነሱ ውስጥ ደግሞ 00000001፣ 00000002 እያሉ የሚሄዱ ፋይሎች ታገኛላችሁ። እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ቨርዥን ነው። የፋይሉ ስም፣ የፕሮጀክቱ ፎልደር፣ ሪቪዥኑ፣ ማን እንዳጸደቀው፣ የትኛው ፓርት በየትኛው አሰምብሊ እንደገባ፣ ሁሉም ያለው በኤስኪውኤል ዳታቤዙ ነው። ያለ ዳታቤዙ በእጃችሁ የሚቀረው ስም የሌለው የፋይል ክምር ነው።

መያዝ ያለባችሁ የቮልቱን ዳታቤዝ፣ ኮኒሲዮማስተር የሚባለውን ዳታቤዝ፣ የአርካይቭ ሰርቨሩን ቅንብርና አርካይቩን ነው። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው፤ ዳታቤዙ ይቅደም፣ አርካይቩ ይከተል። አርካይቩ ውስጥ ዳታቤዙ የማያውቀው ትርፍ ፋይል ቢኖር ጉዳት የለውም፤ ዳታቤዙ የሚያውቀው ፋይል አርካይቩ ውስጥ ሲጠፋ ግን ተጠቃሚው ፋይሉን ሊከፍት ሲል ስህተት ይገጥመዋል። ዳታቤዙን በኤስኪውኤል የባክአፕ ትእዛዝ አውጡ እንጂ እየሠራ ያለውን ፋይል ለመገልበጥ አትሞክሩ። በፒዲኤም ስታንዳርድ (ከፕሮፌሽናል ባነሰው እትም) የሚሠራው ኤስኪውኤል ኤክስፕረስ ሥራን በሰዓቱ የሚያስጀምር ኤጀንት ስለሌለው በዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር አስይዙት። እስከ 2022 ባሉት የኤክስፕረስ ቨርዥኖች ዳታቤዙ ከ10 ጊጋባይት እንደማያልፍም ልብ በሉ። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ሰርቨሩ ዩፒኤስ ላይ ይሁን፤ ዩፒኤሱም ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲያጠፋው ይያያዝ። በሌላ ማሽን ላይ ሪስቶር ተደርጎ ያልተሞከረ ባክአፕ ላይ አትመኩ።

ጥያቄ፦ የዳታቤዙ ሎግ ፋይል ዲስኩን ሞላው። ልናጠፋው እንችላለን?

መልስ፦ በፍጹም። ዳታቤዙ ፉል ሪከቨሪ (ሎጉ ባክአፕ እስኪደረግ ለውጡን ሁሉ የሚያቆይ ቅንብር) ላይ ሆኖ የሎግ ባክአፕ የሚወስድ ስለሌለ ነው ያበጠው። ወይ የሎግ ባክአፕ መርሐ ግብር አውጡ፣ ወይ ወደ ሲምፕል ቀይሩት። ፋይሉን ማሳነስ ከዚያ በኋላ፣ ያውም አንዴ ብቻ።

ጥያቄ፦ አዲሱ ድሮዊንግ ጸድቆ ሳለ ወርክሾፑ በአሮጌው ቆረጠ። ሲስተሙ ተሳስቶ ነው?

መልስ፦ ሲስተሙ የተጠየቀውን ነው የሰጠው። በወርክሾፑ ኮምፒውተር የሎካል ቨርዥን ዓምድ ላይ 2/3 የሚል ታያላችሁ፤ ሰርቨሩ ሦስተኛው ጋ ደርሷል፣ ካሹ ውስጥ ያለው ግን ሁለተኛው ነው። ጌት ሌተስት (የመጨረሻውን አምጣ) እስካልተባለ ድረስ ደብል ክሊክ የሚከፍተው ካሹን ነው። ለወርክሾፑ ግሩፕ ሁልጊዜ የመጨረሻውን ቨርዥን የሚያመጣውን ቅንብር አብሩለት፣ የማንበብ ፈቃዱንም በጸደቁ ፋይሎች ብቻ ወስኑት። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ግን የትኛውም ቅንብር አያድሰውም፤ እሱን የሚነቅል ሰው መድቡ።

ጥያቄ፦ ዳታ ካርድ (የፋይሉ መረጃ የሚሞላበት ቅጽ) ላይ የኢትዮጵያን ቀን እንፈልጋለን።

መልስ፦ የቀን ዓይነት ቫሪያብል (የካርዱ መረጃ የሚያዝበት መስክ) ጳጉሜን አያውቅም። የጸደቀበትን ቀን ወርክፍሎው (ፋይሉ የሚጸድቅበት ሂደት) በፈረንጅ አቆጣጠር ይሙላው። ለኅትመት ሌላ የጽሑፍ ቫሪያብል ፍጠሩና ዓመቱን አስቀድማችሁ 2017-13-05 እያላችሁ ጻፉ፤ ቀኑን ካስቀደማችሁ ዝርዝሩ ሲደረደር ይዘበራረቃል።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ያለው ቅርንጫፋችን በቪፒኤን ይገባል። ኢንተርኔቱ ፈጣን ነው፣ ፎልደር ለመክፈት ግን ይንቀራፈፋል።

መልስ፦ ፒዲኤም ለአንድ ሥራ ከዳታቤዙ ጋር ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። አንዱ ምልልስ 80 ሚሊሰከንድ ቢፈጅና 200 ምልልስ ቢያስፈልግ 16 ሰከንድ ሄደ ማለት ነው፤ የመስመሩ ስፋት እዚህ ላይ አይረዳም። ፕሮፌሽናል ካላችሁ አርካይቩን ሐዋሳ ላይ ሬፕሊኬት ብታደርጉ (ቅጂው እዚያም እንዲቀመጥ ብታደርጉ) ትልልቅ አሰምብሊዎች ቶሎ ይመጣሉ፣ ዳታቤዙ ግን ያው ዋናው ቢሮ ስለሚቀር የፎልደሩ መንቀራፈፍ አይጠፋም። ስታንዳርድ ላይ ሬፕሊኬሽን የለም። ለሁለቱም የሚሻለው ቅርንጫፉ ዋናው ቢሮ ባለ ማሽን ላይ በሪሞት ዴስክቶፕ ገብቶ ቢሠራ ነው።