«ፎቶው ላይ ሰው አይታይም፤ ልጄ የት ነው ያለው?»

ጥያቄ፦ ልጄ ስዊድን ከሄደ 2 ዓመቱ ነው። አሁን ኧላንድ የምትባል ደሴት ላይ፣ ገጠር፣ አንድ ገበሬ ዘንድ ሥራ ይዟል። ፎቶ ላከልኝ። ሜዳ፣ የድንጋይ ካብ፣ አንድ የእንጨት ወፍጮ። ሰው የሚባል የለም። እንቅልፍ አጣሁ። ምን እየበሉ ነው የሚኖሩት?
እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እትዬ፣ አገሩን ስለማውቀው ልንገርዎ። ካልማር የምትባል የስዊድን ከተማ ለትምህርት አንድ ዓመት ቆይቻለሁ። ደሴቷ ፊት ለፊት ናት፤ 6 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ድልድይ ተሻግሮ ይገባል። ሰኔ ላይ አንድ ሳምንት ገበሬ ቤት አድሬያለሁ።

ልጅዎ ፎቶውን ያነሳው ግጦሹ ላይ ይመስለኛል። አልቫር ይሉታል። ከሥር የኖራ ድንጋይ፣ ከላይ በጣት የሚለካ አፈር ነው። አይታረስም፤ ከብት ብቻ ይሰማራበታል። ሰዉ የሚኖረው ዳር ዳሩን ነው፣ ቤቶቹ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ተደርድረው። ዩኔስኮ በ2000 እ.ኤ.አ. የደቡቡን ክፍል ከነእርሻው የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል።

ወፍጮው የድሮ የነፋስ ወፍጮ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን 2,000 ያህል ነበሩ፤ ዛሬ ከ300 በላይ ቀርተዋል። አንዱን ገብቼ አየሁት። ቤቱ በሙሉ የቆመው በአንድ ወፍራም ግንድ ላይ ነው። ከኋላው ረጅም እንጨት ወጥቷል። ነፋሱ ሲዞር ገበሬው እንጨቱን እየገፋ ቤቱን ያዞረው ነበር። የእኛ የአዳማዎቹ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ማማቸው ቆሞ አናታቸው በሞተር ወደ ነፋሱ ይዞራል፤ እዚያ በትከሻ ነበር።

ምግቡን ከጠየቁኝ ደስ ይበልዎ፦ ቦሎቄ ነው! ቡናማው ቦሎቄ የደሴቷ መታወቂያ ነው። ቀስ አድርገው ያበስሉትና ኮምጣጤና ስኳር ይጨምሩበታል። አብሮ የአሳማ ሥጋ ይቀርባል፤ እኔ ሥጋውን ትቼ ቦሎቄውን በላሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ጣፋጩ አላስቻለኝም። ሽንኩርት አቁላልቼ፣ ከአዳማ በያዝኩት በርበሬ ሠራሁት። ባለቤቲቱ ድስቱን በዳቦ ጠርጋ በላች።

የሚያሳስበኝ የብርዱ ወቅት ነው። ታኅሣሥ ላይ የቀኑ ብርሃን 7 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በሙቀቱ ወራት የሚመጡት እንግዶች ከሄዱ በኋላ መንገዱ ጭር ይላል። እኔ ከተማ ሆኜ እንኳ ከብዶኝ ነበር። እባክዎ ያን ጊዜ ማታ ማታ ይደውሉለት፤ «ደህና ነኝ» ብሎ ቶሎ ሊዘጋ ሲል አይልቀቁት። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ካልማር እየተሻገረ ሰው ይይ።

የሚሄድ ሰው ካገኙ ደግሞ በርበሬ ይላኩለት። ቦሎቄው የሚሰበሰበው መስከረም ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ይድረስለት።