የጃፓን የሰፈር ቢራ

ጥያቄ፦ ለሥልጠና ቶኪዮ ልሄድ ነው። አነስተኛ ጠማቂዎች የሚሠሩትን ቢራ የት ላግኝ? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ጂ ቢሩ» ብለህ ጠይቅ፤ የአካባቢ ቢራ ማለታቸው ነው። እስከ 1994 እ.ኤ.አ. ፈቃድ ለማግኘት በዓመት 2 ሚሊዮን ሊትር መጥመቅ ግድ ነበር፤ ወደ 60 ሺህ ሲወርድ ነው ትንንሾቹ ብቅ ያሉት። ቶኪዮ ርዮጎኩ ጣቢያ አጠገብ ያለው ፖፓይ የሚባል ቢራ ቤት በርካታ ዓይነት ድራፍት ይቀዳል። እኔ ግን ልቤ የቀረው ከቶኪዮ ውጭ፣ ኑማዙ ወደብ፣ የቤርድ ጠማቂዎች ቤት ነው። እንደኛ የድሬ ሙቀት ባለ ቀን ደርሼ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ቆሜ ጨረስኩት! ሳታዝ ትንሽ ሳህን ቢቀርብልህ «ኦቶሺ» ይባላል፤ ሂሳብ ላይ ይደመራል። ለእኔ የመጣው በጨው የተቀቀለ የአኩሪ አተር እሸት ነበር፤ ቅርፊቱን በጣትህ ጫን ስትለው ፍሬው ዘሎ አፍህ ይገባል። ስትመለስ በባቡር ተመለስ፤ ጠጥቶ ማሽከርከር እዚያ ከባድ ወንጀል ነው።