ጥያቄና መልስ፦ ትንሿ ጌም ለምን አትለቅም?

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። እንደ ድሮው የኖኪያ እባብ ያለ ጌም ለአንድሮይድ ሠራሁ። ግራፊክሱ ከድሮው በጣም ይሻላል፤ ጓደኞቼ ግን ሁለት ሦስቴ ተጫውተው ይተዉታል። ምን ጎደለው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ግራፊክሱን ለጊዜው ይተዉት። እ.ኤ.አ. በ1997 በኖኪያ 6110 የመጣው እባብ ጥቋቁር ነጥቦች ብቻ ነበሩ፤ ያም ሆኖ ስንቱን እንቅልፍ ነስቷል። መጀመሪያ ሰዓት ይያዙ፦ እባቡ ከሞተ በኋላ ተጫዋቹ እንደገና እስኪጀምር ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ከአንድ ሰከንድ መብለጥ የለበትም። «ጨዋታው አልቋል» የሚል ገጽ፣ ቀጥሎ ዋናው ማውጫ፣ ቀጥሎ «ጀምር» የሚል ቁልፍ ከደረደሩ ሦስት መውጫ በር ከፍተውለታል ማለት ነው። ንዴቱ ሳይበርድ፣ እዚያው ስክሪን ላይ፣ በአንድ ንክኪ ይጀምር። ነገር ግን እባቡ ከሞተ በኋላ ለ0.3 ሰከንድ ያህል ማንኛውንም ንክኪ አይቀበሉ። አለበለዚያ በድንጋጤ የነካው ሁሉ አዲስ ዙር እየከፈተ ነጥቡን እንኳ ሳያይ ያልፋል።

ሁለተኛውና እኛ ከሁሉ የምናስበልጠው ጉዳይ ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ነው። ሰው ደግሞ የሚሞክረው «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ሲል ነው። «ስልኩ ነው» ካለ ይዘጋዋል፣ አይመለስም። በእባብ ጌም ላይ ይህን የሚያመጣ የታወቀ የኮድ ስህተት አለ። እባቡ ወደ ቀኝ እየሄደ ነው እንበል። ተጫዋቹ አንድ እርምጃ ሳይሞላ ቶሎ ቶሎ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዘዘ። ኮዱ የመጨረሻውን ትእዛዝ ብቻ ከያዘ እባቡ ወደ ኋላ ዞሮ የራሱን አንገት ይነክሳል። ትእዛዞቹን በወረፋ ይያዙ፤ ሁለት ቦታ ይበቃል። በየእርምጃው አንድ ብቻ ያውጡ፤ ተቃራኒ መሆን አለመሆኑንም እባቡ በትክክል ከሄደበት የመጨረሻ አቅጣጫ ጋር ያመሳክሩ።

ምግቡንም በዘፈቀደ እየጣሉ «እዚህ እባብ አለ፣ ሌላ ቦታ ልሞክር» የሚል ኮድ አይጻፉ፤ እባቡ ሜዳውን ሲሞላ ጌሙ መንቀርፈፍ ይጀምራል። ባዶዎቹን ሳጥኖች ዘርዝረው ከነሱ አንዱን ይምረጡ።

ስለ ፍጥነት፦ 20 በ20 ለሆነ ሜዳ በሰከንድ 6 እርምጃ ጥሩ መነሻ ነው። ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ 38 እርምጃ፣ ማለትም 6 ሰከንድ ገደማ ስለሆነ ሩቁ ምግብ እንኳ አያሰለችም። በየ5 ምግቡ 5 በመቶ ይጨምሩና በሰከንድ 12 እርምጃ ላይ ያቁሙ። ፍጥነት መጨመር ግን የግድ አይደለም። ቬትናማዊው ዶንግ ንጉየን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው፣ ወፍ በቱቦዎች ክፍተት በሚያሳልፉበት ፍላፒ በርድ ውስጥ የወፏም ፍጥነት፣ የቱቦዎቹም ክፍተት ከመነሻው እስከ መጨረሻው አይለወጥም። 40ኛው ቱቦ ከ1ኛው እንደማይከብድ ተጫዋቹ ያውቃል፤ ስለዚህ የሚወቅሰው ጣቱን ብቻ ነው። ንጉየን ራሱ በፌብሩዋሪ 2014 ሱስ ሆኗል ብሎ ጌሙን ከገበያ አወጣው። ገቢው በጦፈበት ሰዓት ይህን ማድረጉ፣ መቼም፣ ከጌም ሠሪ የሚጠበቅ አልነበረም።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ካንዲ ክራሽ ይዞታል። «ነፍስ አለቀብኝ» ብሎ ይመልስልኛል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ እንደገና ስልክሽን ስጪኝ ይላል። ነፍስ ማለቁ ሊያስቆመው አይገባም ነበር? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ የሚጠራውማ እሱ ነው። ጌሙ 5 ነፍስ ይሰጣል፤ በየ30 ደቂቃው አንድ ይመልሳል፤ ሁሉም እስኪሞሉ 2 ሰዓት ተኩል። ልጁ የቆመው ጠግቦ ሳይሆን እየፈለገ ነው፣ ያውም ያላለፈው ደረጃ እየታየው። መጠበቅ ያቃተው ደግሞ በገንዘብ መግዛት ይችላል፤ የኩባንያው ገቢ እዚያ ጋ ነው።

በመጀመሪያ የጌሙን ማሳወቂያ ከስልክዎ ሴቲንግ ያጥፉ። ቀጥሎ ግዢውን ይቆልፉ፦ አይፎን ከሆነ «ስክሪን ታይም» ውስጥ በጌም ውስጥ መግዛትን ይከልክሉ፤ አንድሮይድ ከሆነ ፕሌይ ስቶር ለእያንዳንዱ ግዢ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ ያድርጉ። የይለፍ ቃሉን ልጁ የሚያውቀው ከሆነ ይቀይሩት።

«ነፍስህ ሲያልቅ ታቆማለህ» የሚለው ደንብ ግን አይሠራም፤ ነፍስ የሚቀነሰው ሲሸነፍ ብቻ ስለሆነ እያሸነፈ ሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ዙር ይቁጠሩ፣ ለምሳሌ በቀን 6። በደቂቃ ቆጥረው ዙሩ መሃል ላይ ስልኩን ከቀሙት ያልጨረሰው ጨዋታ ከአእምሮው አይወጣም፤ ለቅሶውም የሚብሰው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ቴትሪስ (ከላይ የሚወርዱ ቅርጾችን ገጣጥሞ ረድፍ እየሞሉ የማጥፋት ጌም) ረጅሙን ዘንግ ሆን ብሎ ይደብቅብኛል? (ከደሴ)

መልስ፦ አዲሶቹ የቴትሪስ ዓይነቶች አይደብቁም። ሰባቱን ቅርጾች በአንድ ከረጢት ከትተው ይበውዛሉ፤ ሰባቱም ሳይወጡ አዲስ ከረጢት አይከፈትም። ስለዚህ በሁለት ረጃጅም ዘንጎች መሃል ቢበዛ 12 ሌሎች ቅርጾች ይገባሉ። ድሮ በወጡት ላይ ይህ ገደብ አልነበረም፤ እዚያ ዘንጉ ሆን ተብሎ ባይደበቅም ለረጅም ጊዜ ሊጠፋ ይችላል። እያንዳንዱ ቅርጽ 4 ሳጥን ስለሆነ 12 ቅርጽ 48 ሳጥን ነው፤ ሜዳው 10 አምድ ስላለው አንዱን ለዘንጉ ክፍት ትተው ዘጠኙን ከሞሉ ከ5 ረድፍ ትንሽ ያልፋል። ቅርጾቹ እኩል ስለማይገጥሙ ግን ከላይ 8 ረድፍ ያህል ባዶ ካልቀረ ዘንጉን አይጠብቁ፤ ባለው ይዝጉት።